ያልተከፈተው ፖስታ፦ የስቴት ታክስ ዕዳና የዕዳ ክስ በአሜሪካ እንዴት ይሠራሉ?

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ በብዙ አበሻ ቤት ፍሪጅ ላይ ወይም መሳቢያ ውስጥ የተጠራቀመ ፖስታ አይጠፋም። ግማሹ የማስታወቂያ ወረቀት ነው። ግማሹ ግን ሲያዩት ሆድ የሚያባባ፣ "ነገ እከፍተዋለሁ" ተብሎ የሚከርም ነው።

ዛሬ ከእነዚያ መካከል ስለ ሁለቱ ላውራችሁ። አንደኛው ከስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት የሚመጣው ነው። ሜሪላንድ ላይ ኮምፕትሮለር የሚባለው ቢሮ ይልከዋል። ካሊፎርኒያ ላይ ፍራንቻይዝ ታክስ ቦርድ ይባላል። ሁለተኛው "ተከሳችኋል" የሚል የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። የክሬዲት ካርድ፣ የሆስፒታል፣ የተወሰደ መኪና ወይም የለቀቃችሁት አፓርታማ ቀሪ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው ሁለቱንም "ቢል መጣብኝ" ብሎ ያልፋቸዋል። አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር፣ በቀነ ገደቡ መልስ ካጡ ልትከራከሩበት ትችሉ የነበረው ጥያቄ የጸና ዕዳ መሆኑ ነው። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ፣ እዚህ የማነሳቸው ቀኖች በእጃችሁ ካለው ወረቀት ጋር ካልገጠሙ ወረቀቱን እመኑ።

ሁለቱ ዕዳዎች በምን ይለያያሉ?

ጎረቤታችሁ ገንዘብ አበድሯችሁ ባትመልሱለት፣ ቤታችሁ ገብቶ ቴሌቪዥኑን ነቅሎ መውሰድ አይችልም። ዳኛ ፊት ቀርቦ ማስረዳት አለበት። ባንክም፣ ክሬዲት ካርድም፣ ዕዳ ሰብሳቢም (ሰዉ "ኮሌክሽን" የሚለው) እንደዚያው ናቸው። መደወል፣ መጻፍ፣ ክሬዲታችሁን ማበላሸት ይችላሉ። ደመወዛችሁን ለመንካት ግን በአብዛኛው መጀመሪያ ከሰው ማሸነፍ አለባቸው።

ስቴቱ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ደብዳቤ ይልካል፣ የመቃወሚያ ጊዜ ይሰጣል፣ ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ሥልጣን ይሰበስባል። ከሳሽም ወሳኝም እሱ ነው ማለት ይቻላል። ዳኛ ፊት የምትደርሱት እናንተ ይግባኝ ካላችሁ ነው።

ስለዚህ በዕዳ ክስ ውስጥ ወሳኙ ቀን መጥሪያው ላይ ያለው ነው። በስቴት ታክስ ደግሞ ወሳኙ ቀን ተራ በሚመስለው ደብዳቤ ውስጥ፣ አንዳንዴም ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል።

ያስሩኛል ወይ?

ይህን ጥያቄ በሹክሹክታ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ቢፈራም አይፈረድበትም። በድሮው የአገራችን ሥርዓት ባለዕዳና አበዳሪ በቁራኛ ይታሰሩ ነበር። ዕዳ ከሰንሰለት ጋር አብሮ የሚታወስ ነገር ነው።

አሜሪካ ግን ሰውን በዕዳ ማሰርን በፌዴራል ደረጃ በ1833 አስቀርታለች። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ወንጀል አይደለም። ሰብሳቢው "ፖሊስ እልካለሁ" ካለ እሱ ራሱ ሕግ እየጣሰ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን አለ። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ዳኛው "መጥታችሁ ንብረታችሁን አስረዱ" ብሎ ሲያዝ የቀረ ሰው፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመጣሱ የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣበት ይችላል። ታክስ ላይ ደግሞ ሆን ብሎ ማጭበርበር ወንጀል ነው። መክፈል አለመቻል ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህ የከሰሰኝ ድርጅት ማን ነው? ከእሱ ተበድሬ አላውቅም

መጥሪያው ላይ ያለውን ስም አይታችሁ "ይኼ ስህተት ነው" ብላችሁ አትጣሉት። ክሬዲት ካርድ ለ180 ቀን ገደማ ካልተከፈለ ባንኩ "የማይሰበሰብ" ብሎ ከመዝገቡ ያወርደዋል። ብዙ ጊዜም ይሸጠዋል። ገዢዎቹ ሥራቸው አሮጌ ዕዳ መግዛት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ለእያንዳንዱ 1 ዶላር ዕዳ በአማካይ 4 ሳንቲም ይከፍሉ ነበር።

4 ሳንቲም የተከፈለበት ዕዳ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ሙሉ ማስረጃው አብሮት አይሄድም። የሚተላለፈው በኮምፒውተር የተዘረዘረ ስም፣ ቁጥርና መጠን ሊሆን ይችላል። ዕዳው ሁለትና ሦስት እጅ ከተሻገረ መጠኑ ይዛባል፣ የተከፈለው ሳይመዘገብ ይቀራል፣ ከተመሳሳይ ስም ጋርም ይደባለቃል። የእኛ ስም ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባና በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ የአንዱ አበበ ዕዳ ሌላው አበበ ላይ ማረፉ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ከሳሹ ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ዕዳው የእናንተ መሆኑንና ከባንኩ እስከ እሱ የተሸጠበትን ሰንሰለት። ይህን እንዲያስረዳ የሚገደደው ግን የሚከራከረው ሰው ሲኖር ነው።

ለጓደኛ ዋስ ሆናችሁ መኪና ያስወጣችሁም እዚህ ውስጥ ናችሁ። ዋስ ማለት በአሜሪካ ሕግ ከተበዳሪው እኩል ባለዕዳ ነው። አበዳሪው መጀመሪያ ጓደኛችሁን እንዲያሳድድ ብዙ ጊዜ አይገደድም።

መጥሪያው ከደረሰኝ ስንት ቀን አለኝ?

እንደ ስቴቱ ነው። ሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ከሆነ፣ ከመጥሪያው ጋር "ለመከላከል አስባለሁ" የሚል አጭር ቅጽ አለ። መጥሪያው ከደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ ሞልታችሁ ለፍርድ ቤቱ መመለስ አለባችሁ። ዲሲ 21 ቀን ነው። ካሊፎርኒያና ጆርጂያ 30 ቀን ይሰጣሉ። ቴክሳስ ትንንሽ ጉዳይ በሚያየው የሰላም ዳኛ ፍርድ ቤት 14 ቀን ነው።

ቨርጂኒያ ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚያ የዕዳ መጥሪያው ስሙ "ዋራንት ኢን ዴት" ነው። "ዋራንት" የሚለውን ቃል አይቶ ሊታሰር የመሰለው ስንት ሰው አለ! የመያዣ ትእዛዝ አይደለም። ተራ የፍትሐ ብሔር መጥሪያ ነው። ላዩ ላይ የቀጠሮ ቀን አለ፤ የጽሑፍ መልስ ማስገባት ሳያስፈልግ በዚያ ቀን መቅረብ ነው። ቀርባችሁ "ዕዳውን እከራከራለሁ" ስትሉ ዳኛው ሌላ ቀን ይቀጥራል። ያን ጊዜ ከሳሹ የክሱን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲያቀርብ እንዲታዘዝላችሁ ጠይቁ። ባያቀርብ ክሱ ሊዘጋ ይችላል።

ሚኒሶታ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። እዚያ ክስ ፍርድ ቤት ከመመዝገቡ በፊት ለተከሳሽ ሊሰጥ ይችላል። ወረቀቱ የመዝገብ ቁጥር የለውም። ሰው ፍርድ ቤት ደውሎ "እንዲህ ያለ መዝገብ የለም" ሲባል የማጭበርበሪያ ወረቀት መስሎት ይተወዋል። ቀኑ ግን እየቆጠረ ነው። ያላችሁ 21 ቀን ነው።

በቀኑ መልስ ካልሰጣችሁ ፍርድ ቤቱ በሌላችሁበት ይፈርዳል። ማስረጃ በደንብ ሳይመረመር፣ ከሳሹ የጠየቀው ከነወጪው ይፈረድለታል። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ከዕዳ ክሶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደዚህ በሌሉበት ወይም ያለ ክርክር የተፈረዱ ናቸው። ጠበቃ የነበራቸው ተከሳሾች ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። የዕዳ ገዢዎቹ ሥራ የሚያዋጣው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በ4 ሳንቲም የተገዛ ዕዳ፣ ተከሳሹ ካልመጣ፣ ሙሉ ዶላር ሆኖ ይፈረዳል።

መልሴ ላይ ምን እጽፋለሁ?

ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። ብዙ ፍርድ ቤቶች የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው። ክሱ በቁጥር የተዘረዘረ ከሆነ ለእያንዳንዱ "አምናለሁ"፣ "እክዳለሁ" ወይም "ይህን ለማረጋገጥ በቂ መረጃ የለኝም" ማለት ነው። ከዚያ መከላከያችሁን ትጽፋላችሁ፦ ዕዳው የእኔ አይደለም፣ መጠኑ ልክ አይደለም፣ ከፍያለሁ፣ ከሳሹ ባለመብት መሆኑን ያስረዳ፣ በይርጋ ታግዷል። እውነት የሆነውን ብቻ ጻፉ።

አንድ ስህተት ደጋግሞ ያጋጥማል። ሰው የከሳሹን ጠበቃ ደውሎ ያናግራል፣ "በወር 100 ዶላር እከፍላለሁ" ይላል፣ ይስማማሉ። ከዚያ "ተስማምተናል" ብሎ ከፍርድ ቤት ይቀራል። በቀጠሮው ቀን ይፈረድበታል። ከጠበቃው ጋር መነጋገር ለፍርድ ቤቱ መልስ መስጠት አይደለም። ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤቱ እስካላወቀው ድረስ ቀጠሮው እንዳለ ነው።

በ1977 የወጣው የፌዴራል የዕዳ አሰባሰብ ሕግ የሚሰጣችሁን መብትም ከዚህ ጋር አታደባልቁት። ያ ሕግ ሰብሳቢው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳይደውል ይከለክላል፤ በአሜሪካ ሰዓት 8 እና 9 ማለት ነው። የመጀመሪያ ማስታወቂያው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ "አረጋግጥልኝ" ብላችሁ ብትጽፉ፣ እስኪያረጋግጥ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። ጥሩ መብት ነው። ክስ ከመጣ በኋላ ግን ያ ደብዳቤ የፍርድ ቤቱን ቀን አያቆምም።

ይርጋ ምንድን ነው?

ለመክሰስ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ነው። ካለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። ሜሪላንድና ዲሲ ለአብዛኛው የውል ዕዳ 3 ዓመት ነው። ቨርጂኒያ በጽሑፍ ለተፈረመ ውል 5፣ ላልተጻፈ 3። ቴክሳስ 4። ሚኒሶታ 6። ኒው ዮርክ ከ2022 ጀምሮ ለሸማች ብድር ወደ 3 አውርዶታል።

ዳኛው ግን ይርጋን ከራሱ አንሥቶ አይረዳችሁም። እናንተ ማንሣት አለባችሁ። ካላነሣችሁት የ9 ዓመት ዕዳም ሊፈረድባችሁ ይችላል። ከኅዳር 2021 መጨረሻ ጀምሮ የጸና የፌዴራል ደንብ ሰብሳቢዎች ጊዜው ባለፈ ዕዳ እንዳይከሱና በክስ እንዳያስፈራሩ ይከለክላል። ቢሆንም የሚሞክር አይጠፋም።

ሌላው ደግሞ፣ በብዙ ስቴቶች ትንሽ ክፍያ እንኳ ይርጋውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። "ቅንነትዎን ለማሳየት 20 ዶላር ብቻ ይክፈሉ" የሚል ስልክ ቢመጣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ዕዳ ላይ ምንም ከመክፈላችሁ በፊት መጨረሻ የከፈላችሁበትን ቀን አጣሩ።

ከተፈረደብኝስ?

በፌዴራል ሕግ ለተራ ዕዳ ከደመወዝ የሚቆረጠው ጣሪያ አለው። ከታክስና ሌሎች በሕግ ከሚቆረጡ ነገሮች በኋላ ከሚቀረው ሳምንታዊ ደመወዝ 25 በመቶ፣ ወይም ከ217.50 ዶላር በላይ ያለው፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። በሳምንት 800 ዶላር እጁ የሚገባ ሰው እስከ 200 ዶላር ሊቆረጥበት ይችላል። 250 የሚያገኝ ግን ከ32.50 በላይ አይነካበትም። ብዙ ስቴቶች ከዚህ የተሻለ ይጠብቃሉ። ቴክሳስ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ሰሜንና ደቡብ ካሮላይና ለተራ የሸማች ዕዳ ከደመወዝ መቁረጥን በአብዛኛው አይፈቅዱም።

ባንክ ውስጥ የገባ ገንዘብ ግን ሌላ ነው። እንደ ደመወዝ አይጠበቅም፤ የኡበርና የሊፍት ሾፌር ገቢም ብዙ ጊዜ የሚያዘው እዚያ ነው። በቀጥታ የሚገባ የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ ካላችሁ ባንኩ የሁለት ወሩን ያህል በራሱ እንዲጠብቅ ሕጉ ያዘዋል።

መጥሪያ ፈጽሞ ሳይደርሳችሁ ተፈርዶባችሁ ከሆነ፣ ፍርዱ እንዲነሣ ማመልከት ይቻላል። የድሮ አድራሻ ላይ "ሰጥቻለሁ" ተብሎ የተማለባቸው መጥሪያዎች ብዙ ናቸው። ያን ጊዜ የት ትኖሩ እንደነበር የሚያሳይ ሊዝ ወይም የመብራት ቢል ይዛችሁ፣ ባወቃችሁበት ሳምንት ሂዱ። በዘገየ ቁጥር ይከብዳል። ሜሪላንድ ላይ ፍርድ 12 ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም።

ወደ ታክሱ ስንመጣ፣ ስቴቱ ይህን ቁጥር ከየት አመጣው?

አንዳንዴ ከእናንተው ፋይል ነው። አንዳንዴ ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ከአይአርኤስ። ፌዴራሉና ስቴቶቹ መረጃ ይለዋወጣሉ። አይአርኤስ ከሁለት ዓመት በፊት የፋይላችሁን ቁጥር አስተካክሎ ከሆነ፣ ስቴቱም ድርሻውን ይጠይቃል። ብዙ ስቴቶች ለውጡን ራሳችሁ እንድታሳውቁ ያስገድዳሉ።

በጣም የሚያስደነግጠው ግን ፋይል ያላደረገ ሰው ላይ የሚመጣው ግምት ነው። የኡበር ሾፌር እንውሰድ። ኩባንያው የሰጠው የ2024 የገቢ ማሳወቂያ፣ 1099-ኬ የሚባለው፣ 62,000 ዶላር ይላል። ይህ ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ነው፤ ኩባንያው የወሰደው ድርሻ ሁሉ አለበት። የኩባንያው ድርሻ 16,000 ነው እንበል። ሾፌሩ ለሥራ 40,000 ማይል ነድቷል። በዚያ ዓመት በማይል 67 ሳንቲም ይቀነስ ስለነበር 26,800 ይወጣለታል። ታክስ የሚታሰብበት ቁጥር ወደ 19,200 ይወርዳል። ፋይል ካላደረገ ግን ስቴቱ ማይሉን ከየት ያውቃል? የሚያየው 62,000ውን ነው። ባየው ይገምታል፣ ቅጣትና ወለድ ይጨምራል፣ ይልካል።

እንዲህ ያለው ቢል ሲመጣ ብዙ ጊዜ ዋናው መፍትሔ እውነተኛውን ፋይል አዘጋጅቶ ማስገባት ነው። የማይል መዝገብ ያለው ሰው ቢሉ ሲቀልለት ታያላችሁ። "ጊዜው አልፏል፣ ተረስቷል" ብሎ መተው ግን አያዋጣም። ፋይል ላልተደረገ ዓመት የስቴቱ የመጠየቂያ ጊዜ መቁጠር አይጀምርም።

በእኛ አካባቢ ሌላም አለ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ስምምነት አላቸው። ደመወዝተኛ ታክስ የሚከፍለው ለሚኖርበት ነው። ሜሪላንድ እየኖራችሁ ቨርጂኒያ ብትሠሩ ለሜሪላንድ ትከፍላላችሁ። ቀጣሪው በስህተት ለቨርጂኒያ ሲቆርጥ ከርሞ ከሆነ ግን ሜሪላንድ "የእኔስ?" ትላለች። ገንዘቡን ከቨርጂኒያ ለማስመለስ እዚያ ፋይል ማድረግ አለባችሁ። ወደ ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ የተዛወራችሁም፣ እነሱ የደመወዝ ታክስ ባይኖራቸውም የለቀቃችሁት ስቴት የዚያን ዓመት ከፊል ፋይል ይጠብቃል።

ደብዳቤውን ለመቃወም ስንት ቀን አለ?

ካሊፎርኒያ የታሰበ ጭማሪ ታክስ ማስታወቂያ ላይ 60 ቀን ትሰጣለች። ቨርጂኒያ ታክሱ ከተወሰነበት ቀን 90 ቀን። ሜሪላንድ 30 ቀን ብቻ ናት፤ በዚያ ጊዜ ችሎት መጠየቅ አለባችሁ። በጽሑፍ ተቃወሙ፣ ማስረጃ አያይዙ፣ የላካችሁበትን ማረጋገጫ አስቀምጡ። ስልክ ብቻ ደውሎ "ነገርኳቸው" ማለት ተቃውሞ አይሆንም።

ቀኑ ካለፈ ስቴቱ ምን ያደርጋል? ቤት ካላችሁ ንብረቱ ላይ የመያዣ መብት ያስመዘግባል፤ ሊን የሚባለው ነው። ባንክ ያግዳል፣ ደመወዝ ይቆርጣል። የስቴት ተመላሽ ያስቀራል፤ ለገቢ ታክስ ዕዳ የፌዴራሉንም ተመላሽ ሊያስወስድ ይችላል። የደመወዙ የ25 በመቶ የፌዴራል ጣሪያ ለታክስ ዕዳ አይሠራም። ወሰኑን የስቴቱ ሕግ ነው የሚያወጣው።

ለሾፌር ደግሞ የባሰው አለ። ሜሪላንድ ታክስ ያለበትን ሰው መንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ እንዳይታደስ ማድረግ ትችላለች። ኒው ዮርክ ዕዳው 10,000 ዶላር ከደረሰ መንጃ ፈቃድ ታግዳለች። ዲሲ ለአንዳንድ የንግድ ፈቃዶች ከዕዳ ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማረጋገጫ ትጠይቃለች። መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ለሆነ ሰው ይህ ከባንክ እገዳ ይከብዳል። ጊዜ ያልፈዋል ብላችሁም አትጠብቁ። አይአርኤስ ለመሰብሰብ በመሠረቱ 10 ዓመት አለው። ካሊፎርኒያ 20 ዓመት አላት።

ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ያለኝስ?

የእቁብ ሰብሳቢ የአባላቱን ገንዘብ ይዞ የቤት ኪራይ ቢከፍልበት ምን ይባላል? የሽያጭ ታክስም እንደዚያው ነው። ደንበኛው በምግቡ ላይ የከፈለው ታክስ አንድም ቀን የምግብ ቤቱ ገንዘብ ሆኖ አያውቅም። ለስቴቱ በአደራ የተያዘ ነው። ከሠራተኛ ደመወዝ የተቆረጠውም እንዲሁ።

ገበያ ሲቀዘቅዝ ባለሱቅ መጀመሪያ የሚነካው ይህንኑ ገንዘብ ነው፤ እጁ ላይ ስላለ። "በሚቀጥለው ወር እሞላዋለሁ" ይላል። አደጋው ግን ኤልኤልሲው (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያችሁ) ከዚህ አለማዳኑ ነው። ስቴቶች ይህን ታክስ ከባለቤቱ፣ ቼክ ከሚፈርመው ሰው ኪስ ይጠይቃሉ። ሱቁ ቢዘጋም ዕዳው አብሮ አይዘጋም። በባንክራፕሲም (በፍርድ ቤት መክሰርን በማስመዝገብ) አይሰረዝም። ሰብስቦ ማስቀረት በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል። እባካችሁ ለዚህ ገንዘብ የተለየ የባንክ አካውንት ክፈቱ።

መክፈል ካልቻልኩስ?

መጀመሪያ የቀሩትን ፋይሎች በሙሉ አስገቡ። ይህ ካልሆነ በአብዛኛው ማንም ስቴት አይደራደርም። ከዚያ የተለመደው መንገድ በየወሩ መክፈል ነው። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ለግለሰብ እስከ 25,000 ዶላር ዕዳ በ60 ወር ውስጥ እንዲከፈል ትፈቅዳለች። ወለዱ ይቀጥላል፣ እገዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል።

ቅጣቱ እንዲነሣ መጠየቅም ይቻላል። መታመም፣ የቤተሰብ ሞት፣ የእሳት አደጋ ማስረጃ ካለ ይሰማል። ሰው ስለማይጠይቅ የሚቀርበት ነገር ነው። ከዕዳው ቀንሶ መስማማትም አለ፤ ግን ገቢና ንብረታችሁ በሙሉ ታይቶ፣ ሙሉውን መቼም መክፈል አትችሉም ሲባል ነው። "ዕዳዎን በአሥር ሳንቲም እናስጨርሳለን" እያለ ብዙ ሺህ ዶላር አስቀድሞ የሚቀበል ኩባንያ ስታዩ ራቁ። በባንክራፕሲ የገቢ ታክስ የሚሰረዝበት ሁኔታ ቢኖርም፣ ቢያንስ 3 ዓመት ያለፈው መሆንን ጨምሮ ጥብቅ መስፈርት አለው። ያለ ጠበቃ አይሞከርም።

ስልክ ደውሎ በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ምንም ምርመራ አያስፈልገውም።

ዕዳው ከተቀነሰልኝ አለቀ?

ሁለቱ ፖስታዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። 9,000 ዶላር የክሬዲት ካርድ ዕዳ በ4,000 ተስማማችሁ እንበል። የተተወላችሁ 5,000 በሕጉ እንደ ገቢ ይቆጠራል። 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ ሲሰረዝ ባንኩ 1099-ሲ የሚባል ወረቀት ለእናንተም ለአይአርኤስም ይልካል። ሰው "ይኼ ያለቀ ጉዳይ ነው" ብሎ ይጥለዋል። ከዓመት በኋላ አይአርኤስ ይጽፋል፣ ስቴቱ ይከተላል።

መውጫ አለው። ዕዳው በተሰረዘበት ጊዜ ጠቅላላ ዕዳችሁ ከጠቅላላ ንብረታችሁ ይበልጥ ከነበረ፣ በበለጠው ልክ ከታክስ ነፃ ትሆናላችሁ። ይህ የሚጠየቀው በቅጽ 982 ነው። ታክስ ሠሪያችሁን በስሙ ጠይቁት።

ለዜግነት ያስቸግረኛል?

የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ጊዜው ያለፈ የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የአካባቢ ታክስ ዕዳ እንዳለባችሁ ይጠይቃል። እውነቱን መልሱ። የክፍያ ስምምነት ካላችሁና እየከፈላችሁ ከሆነ፣ ስምምነቱንና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ቅረቡ። የሚጎዳው ዕዳውን መደበቅና ምንም አለመሞከር ነው።

ማን ይረዳኛል? እንግሊዝኛዬ ለፍርድ ቤት አይበቃም

ለዕዳ ክስ በየስቴቱ ሊጋል ኤይድ የሚባሉ ነፃ የሕግ ድርጅቶች አሉ። ለታክስ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ግብር ከፋዮች የተቋቋሙ ክሊኒኮች አሉ። ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 250 በመቶ ያልበለጠ ሰዎችን በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ ያግዛሉ። የሚሠሩት በዋናነት ከአይአርኤስ ጋር ነው፤ ብዙዎቹ ተያያዥ የስቴት ጉዳይም ይይዛሉ።

ብዙ ፍርድ ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ ያቀርባሉ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ዋና ዋና ወረቀቶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የ12 ዓመት ልጃችሁን ትምህርት አስቀርታችሁ ዳኛ ፊት እንዲያስተረጉም አታድርጉት፤ የሕግ ቃሉንም አያውቀው፣ የእናንተንም ጭንቀት ይሸከማል። ከቀጠሮው ቀን አስቀድማችሁ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ደውላችሁ "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ። የመዝገብ ቁጥሩን ይጠይቋችኋል። ፖስታው ውስጥ ባለው ወረቀት፣ ከላይ በኩል ተጽፏል።